ከውጭ አገር የሚገቡ የማተሚያ ዕቃዎች የጉምሩክ አመዳደብና የስሪት አገር ምልክት፤ ከገሳይ ገበያ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በገሳይ ከተማ አንድ ደስጣ ወረቀት ወይም አንድ የፕሪንተር ካርትሪጅ የሚገዛ ሰው፥ የገዛው ዕቃ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ያውቃል። ዕቃው ወደ አገር ሲገባ ግን ስለ እርሱ ሁለት ጥያቄዎች ተጠይቀው መልስ እንደ ተሰጣቸው ብዙውን ጊዜ ልብ አይልም። አንደኛው ጥያቄ «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ይህ ዕቃ የት ተሠራ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የታሪፍ አመዳደብ ይባላል፤ ለሁለተኛው የሚሰጠውም ስሪት አገር ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ጥያቄዎች በምን ደንብ እንደሚመለሱ በማተሚያ ዕቃዎች አብነት ማስረዳት ነው። ከዚህም ጋር፥ ከወደብ ርቆ በደጋው የሚኖር ገዢ ከሁለቱ መልሶች የትኛው እንደሚደርሰው፥ የትኛውስ በመንገድ እንደሚቀርበት ለማሳየት ይሞከራል። የማተሚያ ዕቃዎች የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የፈተና ወረቀት የሚያባዛ ትምህርት ቤት፥ ደብዳቤ የሚጽፍ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፥ የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠራ ወጣት፥ መመረቂያ ጽሑፉን የሚያሳትም ተማሪ ሁሉ የሚገለገሉባቸው ስለ ሆኑ፥ በእነርሱ ዋጋ ላይ የሚጨመረው ሳንቲም የሚያርፈው በትምህርትና በጽሕፈት ላይ ነው።

1. ከኬላ እስከ ታሪፍ መጽሐፍ

የደቡብ ጎንደር ምድር ለጽሕፈት ሥራ እንግዳ አይደለም። የጋይንት ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። በእነዚህና በመሰሎቻቸው ጉባኤ ቤቶች መጻሕፍት ሲጻፉ፥ ብራናው ከአገሩ ፍየልና በግ ቆዳ ይፋቅ ነበር፤ ቀለሙም በአገር ቤት ይበጠበጥ ነበር። ስለዚህ ለጸሐፊው «ይህ ቀለም የየት አገር ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስቸግረውም ነበር፤ የሠራው ሰው ጎረቤቱ ወይም ራሱ ነበርና።

ከሩቅ የሚመጣው ሸቀጥ ግን በየኬላው ያልፍ ነበር። ይፋግን በመሰሉ የንግድ ሥፍራዎች የሚያልፈው ነጋዴ የሚከፍለው ቀረጥ ባብዛኛው በጭነት ይታሰብ ነበር። የበቅሎ ጭነት፥ የአህያ ጭነት፥ የሰው ሸክም እየተባለ ሲቆጠር፥ ቀራጩ የዕቃውን ዓይነት በጅምላ ቢያውቅ ይበቃው ነበር።

የዛሬው ሥርዓት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በብራስልስ የተፈረመውና በ1959 የጸናው የዕቃዎች ስያሜ ስምምነት ለብዙ አገሮች አንድ የታሪፍ ቋንቋ ሰጠ። በእርሱም ቦታ የተተካው የተጣጣመው የዕቃዎች ስያሜና መለያ ቁጥር ሥርዓት ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1988፥ ይኸውም ከ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በዚህ ሥርዓት የዓለም ሸቀጥ ሁሉ በምዕራፍ ይከፈላል፤ በምዕራፉም ውስጥ አራት አኃዝ ያለው ዋና ቁጥር፥ ቀጥሎም ስድስት አኃዝ ያለው ንዑስ ቁጥር ይሰጠዋል። እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ ቁጥሩ በተስማሙት አገሮች ሁሉ አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ፍላጎት ሌላ አኃዝ ይጨምራል። የኢትዮጵያም የታሪፍ መጽሐፍ የተመሠረተው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው።

2. «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?»

ዕቃን ለመመደብ ስድስት አጠቃላይ የአተረጓጐም ደንቦች አሉ። የሁሉም መሠረት የመጀመሪያው ነው፤ ይኸውም ዕቃው የሚመደበው በዋናው ቁጥር አነጋገርና በክፍሎቹና በምዕራፎቹ ማስታወሻ ነው እንጂ በንግድ ስሙ ወይም በምዕራፉ አርእስት አይደለም የሚል ነው። ከዚህም የሚከተለው፥ ነጋዴው ዕቃውን «የማተሚያ ዕቃ» ብሎ ስለ ጠራው ብቻ ቁጥሩ አይገኝም ማለት ነው። በታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ «የማተሚያ ዕቃ» የሚባል አንድ ቤት የለም። ለአንድ ማተሚያ ቤት የመጣ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ዕቃ በአራትና በአምስት ምዕራፎች ሊበታተን ይችላል።

ከወረቀት እንጀምር። የጋዜጣ ወረቀት ቁጥሩ 4801 ነው። ይህን ስም ለማግኘት ግን ወረቀቱ ከእንጨት በመፍጨት የተገኘው ጭረት ቢያንስ ግማሹን መያዝ፥ ክብደቱም በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 65 ግራም መሆንና ሌሎችንም በምዕራፉ ማስታወሻ የተዘረዘሩትን ሁኔታዎች ማሟላት አለበት። ለፎቶ ኮፒ የምንገለገልበት ባለ 80 ግራሙ ኤ4 ወረቀት ግን ከ4802 ሥር ይወድቃል፤ በዚያም ውስጥ ንዑስ ቁጥሩ 4802.56 ነው። ይህ ንዑስ ቁጥር ሳይታጠፍ አንድ ጐኑ ከ435 ሚሊ ሜትር፥ ሌላው ጐኑም ከ297 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ቅጠል የተወሰነ ነው። ያው ወረቀት ሳይቆረጥ በጥቅል ቢመጣ 4802.55 ይሆናል። ተሰምሮና ተጠርዞ ደብተር ሆኖ ቢመጣ ደግሞ ወደ 4820 ይሻገራል። እንግዲህ ለዓይን ሁሉም ወረቀት ነው፤ ለታሪፍ ግን የጭረቱ ዓይነት፥ ክብደቱ፥ መጠኑና የተደረገበት ሥራ ይለየዋል።

ሁለተኛው አብነት የኦፍሴት ማተሚያ ሰሌዳ ነው። ብርሃን ያልነካው፥ ብርሃን ተቀባይ ቅባት ያለበት ሰሌዳ ከፎቶግራፍ ዕቃዎች ጋር በምዕራፍ 37 ይመደባል፤ አንዱ ጐኑ ከ255 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቁጥሩ 3701.30 ነው። ጽሑፉ ተቀርጾበት ለማተም ዝግጁ የሆነው ሰሌዳ ግን 8442.50 ነው። ብረቱ ያው ነው፥ ስፋቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ሁኔታው ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው ዕቃ የሚመደበው ወደ አገር በገባበት ጊዜ ባለበት ሁኔታ መሆኑን ነው።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው አብነት ቀለም ነው። በቆርቆሮ የሚመጣው ጥቁር የማተሚያ ቀለም 3215.11፥ ሌላ ኅብር ያለው የማተሚያ ቀለም 3215.19፥ የጽሕፈትና የመሳሰለው ቀለም 3215.90 ነው። ቶነር ግን «ቀለም» ተብሎ ቢጠራም በፎቶ ኮፒ አሠራር የሚያገለግል ዱቄት ስለ ሆነ፥ ለብቻው ሲመጣ በ3707.90 ይመደባል። ዱቄቱ በካርትሪጅ ውስጥ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ካርትሪጁ የማተሚያ መሣሪያ ክፍል ተቆጥሮ ወደ 8443.99 ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠው በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች ሦስት ምዕራፎች አሏቸው።

ፈሳሽ ቀለም የያዘው የፕሪንተር ካርትሪጅስ? በዚህ ነገር የታወቁ አገሮችም ሳይቀሩ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የአውሮፓ ማኅበረሰቦች ፍርድ ቤት ተርቦን ኢንተርናሽናል በተባለ ኩባንያ ጉዳይ፥ የማተሚያ ራስ የሌለው የቀለም ካርትሪጅ በ3215 መመደብ አለበት ሲል ወሰነ። ምክንያቱም የፕሪንተሩ ሜካኒካዊና ኤሌክትሮኒካዊ አሠራር በካርትሪጁ ላይ የቆመ አይደለም፤ ካርትሪጁ ቢነሣ የሚታጣው ነገር ቀለሙ ነውና የዕቃው ዋና ጠባይ ቀለም ነው የሚል ነበር። በአሜሪካ የታሪፍ መጽሐፍ ግን የቀለም ካርትሪጅ በ8443.99 ሥር በማተሚያ መሣሪያ ክፍልነት ተጽፎ ይገኛል። አንድ የቁጥር ሥርዓት የሚከተሉ ሊቃውንት በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ላይ እንዲህ ከተለያዩ፥ የእኛ አስመጪ ወይም ትራንዚተር በዲክላራሲዮኑ ላይ ቁጥር ሲጽፍ የዕቃውን አሠራር በሚገባ መግለጥ እንዳለበት ግልጥ ነው። «የፕሪንተር ዕቃ» ብሎ መጻፍ መልስ አይደለም፤ ጥያቄውን ደግሞ መጠየቅ ነው።

በመጨረሻም በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማኅተም እንመልከት። በእጅ የሚመታው ማኅተም 9611፥ የማኅተሙ መርገጫ 9612.20፥ በመርገጫው ላይ የሚፈሰው ቀለም 3215.90 ነው። ለአንድ ፊርማ ማጽኛ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል ማለት ነው።

3. የቁጥሩ ልዩነት በዋጋ ላይ የሚያስከትለው

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀን ነበር። ነገር ግን ቀረጡ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። ከዚህም በላይ ቀረጡ ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎቹ ግብሮች በእርሱ ላይ ይደራረባሉ። ቀረጡ የሚሰላው ከዕቃው ዋጋ፥ ከኢንሹራንሱና ከማጓጓዣው ድምር ላይ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ነው። በደንብ ቁጥር 133/1999 የተጣለው 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ፥ በሚከፈልባቸው ዕቃዎች ላይ፥ ከዚህ ሁሉ ድምር ይሰላል።

ለማስረዳት ያህል ብቻ፥ ወደብ ደርሶ 1,000 ብር የተገመተ ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 10 በመቶ ነው ብንል 100 ብር ይሆናል፤ በ1,100 ብር ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ 165 ብር፥ በ1,265 ብር ላይም ሱር ታክስ 126 ብር ከ50 ይሆናል። ድምሩ 1,391 ብር ከ50 ነው። ያው ዕቃ በሌላ ቁጥር ተመድቦ ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን፥ ቀረጡ 200፥ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 180፥ ሱር ታክሱ 138 ብር ሆኖ ድምሩ 1,518 ብር ይደርሳል። የቀረጡ ልዩነት 100 ብር ሲሆን የዋጋው ልዩነት 126 ብር ከ50 ሆነ። ሌሎች ክፍያዎችና የነጋዴው ትርፍ ሲጨመሩበት ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ጅቡቲ ላይ በአንድ አኃዝ የተሳሳተው ቁጥር ደጋው ላይ ሲደርስ የፈተና ወረቀት ዋጋ ሆኖ ይወጣል።

4. «ይህ ዕቃ የት ተሠራ?»

ስሪት አገር ከአመዳደብ የተለየ ጥያቄ ነው። ካርትሪጅ በቻይናም ይሠራ በጃፓን ቁጥሩ አይለወጥም። ስሪት አገሩ የሚያስፈልገው፥ አንደኛ በአገሮች መካከል የቀረጥ ቅናሽ ስምምነት ሲኖር፥ ሁለተኛ ለስታቲስቲክስና ለቁጥጥር፥ ሦስተኛ ገዢው የሚገዛውን እንዲያውቅ ነው።

አንድ ዕቃ በአንድ አገር ብቻ ከተገኘ ነገሩ ቀላል ነው። ከብዙ አገር በተሰበሰበ ነገር የተሠራ እንደ ሆነ ግን፥ ስሪት አገሩ መሠረታዊ ለውጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገበት አገር ነው። ይህን ደንብ ለመረዳት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን ጋፋትን ማስታወስ ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ሠራተኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ነበሩ፤ መድፉ የተጠራበትም ስም በክሪሚያ ያለ የከተማ ስም ነው። ይሁን እንጂ ብረቱ ቀልጦ መድፍ የሆነው በጋፋት ስለ ሆነ፥ በዛሬው ደንብ ቢፈረድ ስሪት አገሩ ኢትዮጵያ ነው። የባለሙያው ዜግነት ወይም የዕቃው ስም ስሪት አገርን አይወስንም።

ይህንኑ ወደ ዛሬው ካርትሪጅ ብንመልሰው፥ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የኩባንያ ስም የስሪት አገር ምልክት አይደለም ማለት ነው። የጃፓን ወይም የአሜሪካ ስም የያዘ ፕሪንተር በሌላ አገር ሊሠራ ይችላል፤ ይህም በራሱ ነውር ወይም ማታለል አይደለም። ማታለል የሚሆነው አንዱ አገር ሌላ ተብሎ ሲጻፍ ነው።

የቅናሹን ነገር በወረቀት እንመልከት። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል እንደ መሆንዋ ከአባል አገሮች ለሚመጣ ዕቃ ከቀረጡ አሥር በመቶ ስትቀንስ ቆይታለች። ይህ ማለት 20 በመቶ የነበረው ቀረጥ 18 በመቶ ይሆናል ማለት ነው እንጂ 10 በመቶ ይሆናል ማለት አይደለም። አሁን አንድ ፋብሪካ ከኮሜሳ ውጭ የተሠራ ጥቅል ወረቀት አስመጥቶ፥ በአንድ አባል አገር ውስጥ በኤ4 መጠን ቆርጦ፥ በደስጣ አሽጎ ወደ ኢትዮጵያ ላከ እንበል። ወረቀቱ የአባል አገሩ ነው ይባላልን? የኮሜሳ ደንብ ከሚጠይቃቸው አማራጮች አንዱ የዋና ቁጥሩ መለወጥ ነው፤ ጥቅሉም ቅጠሉም በ4802 ውስጥ ስለ ሆኑ በዚህ መንገድ አይለወጥም። ሌላው አማራጭ በአባል አገሩ የተጨመረው ዋጋ ከፋብሪካው መሸጫ ዋጋ ቢያንስ 35 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለመቁረጥና ለማሸግ ብቻ ይህን ያህል ዋጋ መጨመር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በመጠቅለያው ላይ የአንድ አባል አገር አድራሻ ስለ ታተመ ብቻ ቅናሽ አይገኝም፤ ትክክለኛ የስሪት አገር ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አመዳደብና ስሪት አገር የተለያዩ ጥያቄዎች ቢሆኑም እንዲህ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ሁለተኛውን ለመመለስ የመጀመሪያው ቀድሞ በትክክል መመለስ አለበት።

5. ምልክቱና የመጨረሻው ገዢ

ዕቃን በተሠራበት አገር ስም ምልክት ማድረግ የቆየ ሕግ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክት ሕግ የውጭ አገር ዕቃ የአገር ውስጥ መስሎ እንዳይሸጥ ስትከለክል፥ «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ በዓለም ታወቀ። እንደ ማስጠንቀቂያ የታሰበውም ምልክት ቆይቶ ለጀርመን ዕቃ ምስጋና ሆነለት። የአሜሪካ የ1930 የታሪፍ ሕግ በ304ኛው ክፍል የውጭ ዕቃ ሁሉ፥ በሕጉ ከተፈቀዱት በቀር፥ ስሪት አገሩን በሚነበብና በማይለቅ ጽሑፍ እንዲያሳይ ያዛል። ምልክቱ የሚደረገውም ለመጨረሻው ገዢ ነው ይላል። በሌላ በኩል፥ እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የታሪፍና የንግድ ስምምነት በዘጠነኛው አንቀጽ፥ የምልክት ሕግ በላኪ አገሮች ላይ የሚያመጣው ችግር እጅግ እንዲያንስ፥ ሆኖም ሸማቹ ከሚያሳስት ምልክት መጠበቁ እንዳይዘነጋ ያሳስባል። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፥ በዕቃ ላይ በሚለጠፈው መግለጫ ከሚጻፉት ነገሮች መካከል ዕቃው የተሠራበትን አገር ቆጥሮታል።

«የመጨረሻው ገዢ» የሚለው ቃል ለገሳይ ገበያ ልዩ ትርጉም አለው። ዕቃው ጉምሩክን ሲያልፍ ዲክላራሲዮን፥ ኢንቮይስ፥ የማሸጊያ ዝርዝርና እንደ ሁኔታው የስሪት አገር ማረጋገጫ አብረውት አሉ። እነዚህ ወረቀቶች በአስመጪው ዘንድ ይቀራሉ። ካርቶኑም በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በጅምላ ነጋዴው እጅ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ዕቃው በወረታ አድርጎም ይምጣ በወልድያ በኩል፥ ደጋው ላይ የሚደርሰው ደስጣው ብቻ፥ አንዳንዴም ከደስጣው ተቆጥሮ የሚሸጠው ቅጠል ብቻ ነው። ካርትሪጁ ከሳጥኑ ወጥቶ፥ ቶነሩ በላስቲክ ተመዝኖ ሲሸጥ ደግሞ፥ ስለ ዕቃው የሚናገር ጽሑፍ ፈጽሞ አይኖርም።

ስለዚህ ከሁለቱ መልሶች አንዱ ለገዢው ይደርሳል፤ አንዱ ይቀራል። የመጀመሪያው መልስ፥ ማለት የታሪፍ ቁጥሩ፥ በዋጋ መልክ ሙሉ በሙሉ ይደርሰዋል፤ ገዢው አይቶት ባያውቅም ከፍሎታል። ሁለተኛው መልስ፥ ማለት ስሪት አገሩ፥ ከካርቶኑ ጋር ተጥሎ ይቀራል። የሚከፍለውን የሚከፍል፥ የሚያውቀውን ግን የማያውቅ ሰው የገበያው የመጨረሻ ሰው ነው። እንደገና የተሞላ ካርትሪጅ እንደ አዲስ ሲሸጥለት፥ ወይም ከባድ የተባለ ወረቀት ቀላል ሆኖ መሣሪያው ውስጥ ሲጨናነቅ፥ ወደ ማን አቤት እንደሚል የሚመራው ምልክት በእጁ የለም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሦስት ነገሮችን መያዝ ይቻላል። አንደኛ፥ የማተሚያ ዕቃ የሚመደበው በስሙ ሳይሆን ከምን እንደ ተሠራና በምን ሁኔታ እንደ መጣ ታይቶ ነው፤ ስለዚህ የማተሚያ ቤትና የትምህርት ቤት ዕቃ ገዢዎች በግዢ ዝርዝራቸው ላይ የወረቀቱን ግራምና መጠን፥ የካርትሪጁንም ዓይነት ለይተው ቢጽፉ፥ ከአስመጪው ጀምሮ ያለው ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል። ሁለተኛ፥ አጠራጣሪ ዕቃ ሲሆን አስመጪው ዕቃው ከመጫኑ በፊት የጉምሩክን ውሳኔ ቢጠይቅ፥ ወደብ ላይ ከሚነሣ ክርክርና በኋላ በሚደረግ የሒሳብ ምርመራ ከሚመጣ ዕዳ ይድናል። ሦስተኛ፥ የስሪት አገር ምልክት በካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ለተጠቃሚው በሚሸጠው በትንሹ ጥቅል ላይ፥ ማለት በእያንዳንዱ ደስጣና በእያንዳንዱ ካርትሪጅ አካል ላይ ቢሆን፥ ሕጉ ያሰበለት ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ይህ ሦስተኛው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በደስጣው መጠቅለያ ላይ አንድ መስመር ማተም ለፋብሪካው ቀላል ነው፤ በጅምላ ነጋዴው ዘንድም የካርቶኑን ጽሑፍ በደረሰኙ ላይ መገልበጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቀረጡን እስከ ገሳይ ድረስ ያደረሰ ሥርዓት፥ ማስረጃውንም እስከዚያው ድረስ ማድረስ ይችላል።